ስለ ደዌና ስለ በደል፥ ስለ ፈውስና ስለ ድኅነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እና በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ስለ ደዌና ስለ በደል የተነገረው ነገር፥ ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ መንገድ ታሪክ ጋራ ተያይዞ በዚህ ይተረጐማል። እነዚህ ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን ከብበው የቆሙ ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በተመሠረተ ጊዜም በአንድነት በእርሱ ውስጥ ተቈጥረዋል።

ክፍል 1። ስለ ደቀ መዛሙርት ጥያቄ

ደቀ መዛሙርት ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ዕውር የነበረውን ሰው በመንገድ ባዩት ጊዜ፥ ጌታችንን ፈውሰው ብለው አልለመኑም። በደለኛው እርሱ ራሱ ወይም ወላጆቹ እንደ ሆኑ ሊያውቁ ወደዱ እንጂ (ዮሐ. 9፥2)። ሰውዬውም ተቀምጦ ይሰማቸው ነበር፤ ዓይን የሌለው ሰው ጆሮ አለውና። ስለ እርሱ ተነጋገሩ፤ ከእርሱ ጋራ ግን አልተነጋገሩም።

ጥያቄው ከሁለት ክፉ ነገር አንዱን የሚያስመርጥ ነው። እርሱ በደለ ቢባል፥ ሳይወለድ በማኅፀን ሳለ ምን በደል ሠራ? ያሰኛል። ወላጆቹ በደሉ ቢባል፥ የአንዱ ዕዳ በሌላው ዓይን ላይ ስለ ምን ተቈጠረ? ያሰኛል። ጌታችን ግን ሁለቱንም አልተቀበለም። የዕውርነቱ ምክንያት እርሱም ወላጆቹም አለመሆናቸውን ገልጦ፥ የእግዚአብሔር ሥራ በሰውዬው ሊታይ እንዳለው አስተማረ። ይህም ማለት ሰውዬውና ወላጆቹ ከኃጢአት ሁሉ ንጹሓን ናቸው ማለት አይደለም፤ ዕውርነቱ የኃጢአታቸው ዋጋ አይደለም ማለት ነው። አንድም፥ ካለፈው ይልቅ የሚመጣውን ተመልከቱ ሲል ነው። ደቀ መዛሙርት ወደ ኋላ ተመልሰው ምክንያት ፈለጉ፤ እርሱ ግን ወደ ፊት አይቶ ሥራ ጀመረ። ዐፈሩን በምራቁ ለውሶ ዓይኑን ቀባው፤ አዳምን ከምድር ያበጀ እርሱ መሆኑን ሲያጠይቅ ነው።

ምዕራፉ ሊፈጸም ሲል ያው ጥያቄ ፍርድ ሆኖ ይመለሳል። ፈሪሳውያን የተፈወሰውን ሰው ሁለንተናው ከልደቱ ጀምሮ በኃጢአት የተያዘ ነው ብለው ሰድበው አስወጡት (9፥34)። በቍጥር 2 ባለማወቅ የተጠየቀው ነገር በቍጥር 34 በትዕቢት ተፈረደ። በመካከሉም ወላጆቹ ከምኵራብ መለየትን ፈርተው፥ ልጃችን እንዴት እንዳየ እርሱን ጠይቁት ብለው ከነገሩ ሸሹ። እንግዲህ ደዌን ሁሉ የበደል ዋጋ ማድረግ የሚያመጣው ጉዳት ሦስት ነው። ድውዩን ያሳፍራል፤ ወላጆቹን ያስፈራል፤ መምህራኑን ያስታብያል።

ክፍል 2። የሚቃወሙ ስለሚመስሉ ቃላት

ጥያቄ። የአባቶች ኃጢአት እስከ ሦስትና እስከ አራት ትውልድ በልጆች እንደሚደርስ በኦሪት ተጽፎ የለምን (ዘፀ. 20፥5)? ምላሽ። ተጽፏል፤ ነገር ግን እግዚአብሔርን ስለሚጠሉት መሆኑ በዚያው ቍጥር ተወስኗል። ደግሞም ሙሴ ራሱ አባት በልጅ፥ ልጅም በአባት በደል እንዳይገደል ሥርዐት ሠራ (ዘዳ. 24፥16)። ሕዝቅኤልም በምርኮ ሀገር ሳለ፥ ሕዝቡ መከራውን ሁሉ በአባቶቹ ላይ እያላከከ የሚተርተውን ተረት ከልክሎ፥ እያንዳንዱ በገዛ ሥራው እንዲጠየቅ ምዕራፍ 18ን በሙሉ በዚህ ነገር ፈጸመ።

ጥያቄ። የሙሴ እኅት ማርያም (ዘኍ. 12)፥ የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ (4ነገ. 5)፥ ንጉሡ ዖዝያን (2ዜና. 26) ስለ በደላቸው በለምጽ ተመትተው የለምን? ምላሽ። እውነት ነው። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ፍርዱ በእግዚአብሔር ቃል ወይም በነቢይ አፍ የተነገረ ነው፤ ወይም በበደሉ ሰዓት በምስክሮች ፊት የተገለጠ ነው። ነቢይ ሳይላክ ጎረቤት የነቢይን ፍርድ ሊፈርድ አይገባውም። ኤልሳዕ በግያዝ ላይ የተናገረውን ማንም ተነሥቶ በሰፈሩ ድውይ ላይ ቢናገር፥ የኤልሳዕን ቃል ሰርቋል እንጂ የኤልሳዕን መንፈስ አላገኘም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው ከእርሱ ጋራ በመሬት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ። አፋቸውን ከፍተው የተሰወረ በደሉን መፈለግ በጀመሩ ጊዜ ግን ሳቱ፤ በመጨረሻም የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው በቍስለኛው ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው (ኢዮ. 42፥7)።

ጥያቄ። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ ስሙ የሚጠራው መጻጉዕ፥ ከተፈወሰ በኋላ ዳግመኛ እንዳይበድልና የባሰ እንዳይመጣበት በጌታችን አልተመከረምን (ዮሐ. 5፥14)? ምላሽ። ተመክሯል። ጌታችን ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር ነውና የዚያን ሰው ነገር ያውቃል። ዳሩ ግን አስቀድሞ ፈወሰው፤ ኋላም በመቅደስ ባገኘው ጊዜ መከረው። 38 ዓመት በተኛበት አልጋ ላይ ሳለ በሕዝብ ፊት አልዘለፈውም። የሚብሰውም ምን እንደ ሆነ መምህራን ሲያትቱ፥ ይህ ሰው ኋላ በሊቀ ካህናቱ ፊት ጌታውን በጥፊ የመታው ነው ይላሉ (ዮሐ. 18፥22)። እንግዲህ ከ38 ዓመት አልጋ የሚብሰው ሌላ ደዌ አይደለም፤ በዳነ እጅ ያዳነውን መምታት ነው።

ጥያቄ። ሞትና ድካም ሁሉ በአዳም በደል የገባ አይደለምን (ሮሜ 5፥12)? ምላሽ። ነው። ነገር ግን ጥንተ አብሶ የአዳም ልጆች ሁሉ ዕዳ ነበር፤ በሁሉ ላይ የመጣ ነገር አንዱን ለይቶ ሊያስነውር አይችልም። ጤነኛውም የአዳም ልጅ ነው፤ ጤንነቱ ለጽድቁ ምስክር አይሆንለትም።

ክፍል 3። የሰበታ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ሰበታ ሳይደርስ በዘነበ ወርቅ ያልፋል። በዚያ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተጠራ፥ ሥጋ ደዌ ለያዛቸው ሰዎች የተሠራ ሆስፒታል ነበረ፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የሕክምና፥ የማሠልጠኛና የምርምር ማእከል በዚያው ተቋቋመ። አስቀድሞ ሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ እርግማን ነው እየተባለ፥ ድውዩ ከሰፈር ይለይ ነበር፤ ልጆቹም ለጋብቻ አይፈለጉም ነበር። በ1865 ዓ.ም. አርማወር ሃንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም የበሽታውን ተሐዋሲ አገኘ። ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህም ልዩ ልዩ መድኃኒት በአንድነት እየተሰጠ ደዌው የሚድን ሆነ። ሰው የግያዝ ዘር እያለ ይሸሸው የነበረው ሰው፥ በዐይን የማትታይ ተሐዋሲ የያዘችው ወንድሙ ነበረ።

በዚያው ሰፈር ቆሼ የሚባል የከተማው ጥራጊ የሚጣልበት ቍልል ነበረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቍልሉ ተንዶ ከሥሩ ባሉት ጎጆዎች ላይ ወደቀና ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህን የሰማ ሰው የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ሳያስብ አይቀርም (ሉቃ. 13፥4)። ጌታችን ስለ እነዚያ ሲናገር በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ገለጠ፤ ንስሐ ባይገቡ ግን ሰሚዎቹ ሁሉ እንዲሁ እንደሚጠፉ ተናገረ። ነገሩን ከሙታን አንሥቶ ወደ ጠያቂዎች መለሰው ማለት ነው። የቆሼ ቍልል የተናደው ለብዙ ዘመን ጥራጊ ስለ ተከመረበት ነው፤ ከሥሩ የተገኙትም ሌላ ማደሪያ ያጡ ድኾች ስለ ሆኑ ነው። በደል ይፈለግ ከተባለ ከሟቾቹ አይፈለግ፤ ድኻ በቍልል ሥር ሲያድር እያየ ዝም ካለው ሁሉ ይፈለግ። ንስሐውም የእርሱ ነው።

መንገዱ ወደ ፊት ሲሄድ ሰበታ ይደርሳል። በዚያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት መርሐ ዕውራን የተባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ልጆቹ በጣት የሚዳሰሰውን የነቍጥ ፊደል፥ ብሬል የሚባለውን፥ እየተማሩ አደጉ፤ ከእነርሱም መምህራንና የሕግ ዐዋቂዎች ወጡ። ይህ ነገር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ዜማውንና ቅኔውን በቃላቸው ይዘው ወንበር የዘረጉ ዓይነ ስውራን መምህራን በየደብሩ ነበሩ፤ ደቀ መዝሙርም እጃቸውን ይዞ ይመራቸው፥ እነርሱም ልቡን ይመሩት ነበር። በእስክንድርያም በ4ኛው መቶ ዓመት ዲዲሞስ ገና ሕፃን ሳለ ዓይኑ ጠፍቶ፥ በትምህርቱ ግን ስለ በለጠ የከተማዪቱን የትምህርት ቤት መንበር ያዘ። ጻድቁ ዘርዐ ብሩክም የዚህን ዓለም ክፋት እንዳያይ የዓይኑን ብርሃን እንዲያጣ ራሱ እንደ ለመነ ገድሉ ይተርካል። ዕውርነት ሁሉ የበደል ዋጋ ከሆነ፥ ጻድቁ የለመነው ምን ሊባል ነው?

በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው ሀገር ዐቀፍ ጥናት ከ1,000 ሰዎች 16ቱ ዓይነ ስውራን ሆነው ተገኙ። ከእነዚህም እኩሌቶቹ ዓይናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ ነበር፤ ከዐሥሩም አንዱ የሚያህለው በትራኮማ። የሞራ ግርዶሽ በጥቂት ሰዓት በሚፈጸም የሐኪም ሥራ ይገፈፋል፤ ትራኮማም ፊትን በንጹሕ ውሃ በመታጠብና በመድኃኒት ይከለከላል። እንግዲህ ከዓይነ ስውራኑ ወገን ብዙው ታጠብ የሚለው አጥቶ እንጂ ኃጢአቱ ከሌላው በዝቶ አልታወረም። ጌታችንም ዓይኑን የቀባውን ሰው በሰሊሆም ውሃ እንዲታጠብ መላኩ ያለ ምክንያት አይደለም።

ክፍል 4። የቡራዩ መንገድ

በምዕራብ በኩል ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ በቡራዩ አልፎ ከገፈርሳ ይደርሳል። ገፈርሳ ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውሃ የሚጠራቀምባት ናት፤ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያም በዚያ ተሠርቷል። በከተማው ውስጥ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፥ ገፈርሳ ደግሞ ከረዥም ሕመም የሚያገግሙት የሚያርፉበት ሆነ። በአእምሮው የታመመ ሰው ከዕውርና ከሽባ ይልቅ በበደል ይጠረጠራል፤ ዕውርን ሰው ያዝንለታል፥ ያበደውን ግን ይፈራዋልና።

ጥያቄ። በወንጌል ያበዱት ሁሉ በርኵስ መንፈስ የተያዙ አይደሉምን? ምላሽ። አይደሉም። ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ቍጥር 24 ወደ ጌታችን የመጡትን ሲቈጥር፥ አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፥ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ፥ ሽባዎቹንም ለብቻ ለይቶ ጽፏል። ወንጌላዊው የለየውን አንድ ማድረግ አይገባም። ጋኔን ባደረበትም ላይ ቢሆን ጌታችን በደል አልፈለገም። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጥለውን አባት በተቀበለ ጊዜ የጠየቀው ምን በድለሃል ብሎ አልነበረም፤ ደዌው ከጀመረው ምን ያህል ዘመን እንደ ሆነው ነበር (ማር. 9፥21)። ይህ የሐኪም ጥያቄ ነው። ደቀ መዛሙርት ስለ ዕውሩ የዳኛ ጥያቄ ጠየቁ፤ ጌታ ስለዚህ ብላቴና የሐኪም ጥያቄ ጠየቀ። ካህን ከሁለቱ ማንኛውን እንደሚከተል ያስተውል።

በጌርጌሴኖን ሀገር በመቃብር ያድር የነበረውን ሰው የሀገሩ ሰዎች በሰንሰለትና በእግር ብረት አስረውት ነበር (ማር. 5፥3-4)። ሰንሰለቱ አላዳነውም። ጌታችን በፈወሰው ጊዜ ግን ሰዎቹ ያገኙት ልብስ ለብሶ፥ ልቡ ተመልሶ፥ ተቀምጦ ነው። ማሰር የሰዎቹ ሥራ ነበረ፤ ማልበስና ማስቀመጥ የጌታ ሥራ ነው። ስለዚህ ድውይን በጸበል አጠገብ በሰንሰለት ጠፍሮ የሚያኖር ሰው የጌርጌሴኖንን ሰዎች ሥራ እየሠራ የክርስቶስን ስም ሊጠራ አይገባውም።

ከዚሁ ጋራ የቡዳ ነገር ይታሰባል። አንድ ሰው በድንገት ሲታመም፥ ቀጥቃጩ ወይም ሸክላ ሠሪዋ በላችው እየተባለ፥ በደል የሌለበት የእጅ ሥራ ዐዋቂ ተከሷል፤ ተደብድቧልም። ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ምኒልክ በእጅ ሥራው ሰውን የሚሰድበውን በዐዋጅ ገሥጸዋል። ንጉሡ በዐዋጅ የከለከሉትን ካህን በዐውደ ምሕረት ዝም ብሎ ቢያሳልፈው ነውሩ የማን ነው? ጌታችን በናዝሬት የጸራቢ ልጅ ተብሎ ተንቋል፤ ሠራተኛን የሚንቅ ሰውም በዚያ ንቀት ተካፋይ ነው።

ክፍል 5። የሱሉልታ መንገድ

በሰሜን በኩል ያለው መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደብረ ሊባኖስ ያደርሳል። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት የእንጦጦ ማርያም በዚህ ተራራ ራስ ላይ ናት። በእንጦጦ ጸበል ብዙ ድውያን ተሰብስበዋል። ይልቁንም ኤች አይ ቪ በሀገሩ ሁሉ በተስፋፋ ጊዜ፥ ደዌው ያገኛቸው ሰዎች ከቤታቸው እየተገፉ በተራራው ላይ ደሳሳ ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ ያለ ዋጋ መታደል በጀመረ ጊዜ ግን፥ መድኃኒት መዋጥ በእምነት መጠራጠር ነው የሚል ነገር ተነሣ። መድኃኒቱን የተዉ ነበሩ፤ የሞቱም ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፥ አንዱም ሌላውን እንደማይቃወም በግልጥ አስተማሩ። ይህም ትምህርት ከመጻሕፍት የወጣ ነው። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፥ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ጽፏልና።

በዚህ ደዌ ላይ የደቀ መዛሙርት ጥያቄ እንደ ገና በሕይወት ቆሞ ታየ። ደዌውን ይዞ የተወለደ ሕፃን አለ፤ ሰዎችም ዐይተው ከእርሱና ከወላጆቹ በደለኛው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። በሕግ ጋብቻ ኖራ ከባሏ የተቀበለችም ሴት አለች። ሰው በድሎ ታሞም ቢሆን፥ በደሉን የሚሰማው የንስሐ አባቱ ነው፤ ጎረቤት አይደለም። ደዌውን የሚያክመው ሐኪሙ ነው፤ ወሬኛ አይደለም።

መንገዱ የሚያደርሰው ደብረ ሊባኖስ የጻድቁ አባታችን የተክለ ሃይማኖት ገዳም ነው። ጻድቁ በጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው እንደ ተሰበረች ቤተ ክርስቲያን ጥር 24 ቀን ታስባለች። ገድላቸውም በብድብድ ጊዜ በወረርሽኙ ታመው እንዳረፉ ይተርካል። የመነኮሳት አባት በወረርሽኝ ያረፉ ከሆነ፥ በወረርሽኝ የሞተውን ሁሉ በደለኛ የሚል ሰው አስቀድሞ በገድሉ ፊት ይቁም።

በዚሁ ገዳም በ1929 ዓ.ም. ሌላ ፍርድ ተፈረደ። የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፥ ግራዚያኒ የገዳሙን መነኮሳት ተባባሪዎች ናቸው ብሎ ፈረደባቸው። የጻድቁ ዐፅም የፈለሰበት በዓል በሚከበርበት በግንቦት 12 ቀን ገዳሙን በጄኔራል ማሌቲ አስከበበው፤ በማግሥቱም መነኮሳቱ በለጋ ወልዴ በጥይት ተፈጁ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ዲያቆናቱ ተከተሉ። ገዳዮቹ ራሳቸው በመጀመሪያ የላኩት ቍጥር 297 መነኮሳት ነው፤ ኋላ ታሪክ ዐዋቂዎች መርምረው የሟቾቹን ቍጥር ከ1,400 እስከ 2,000 የሚደርስ አድርገውታል። አንዱ በሠራው ሌላው ተጠየቀ፤ ቦምብ ያልጣለው ስለ ጣለው ሞተ።

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 መጀመሪያ ስለ እንዲህ ያለ ነገር የተጻፈ ነው። የሮም ገዥ ጲላጦስ የገሊላን ሰዎች መሥዋዕት ሲያቀርቡ አስገድሎ፥ ደማቸውን ከመሥዋዕታቸው ደም ጋራ ደባለቀ። ነገሩን የነገሩት ሰዎች የሟቾቹን በደል እንዲገልጥላቸው የሚጠብቁ ይመስላል፤ ጌታችን ግን ከገሊላ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ መለሰላቸው። በኢጣልያም ወረራ ጊዜ መከራው የኃጢአታችን ዋጋ ነው የሚሉ ነበሩ። ሕዝብ በመከራ ጊዜ ራሱን መርምሮ ንስሐ ቢገባ መልካም ነው። የገዳዩን በደል በሟቹ ላይ መጻፍ ግን ንስሐ አይደለም፤ ለግራዚያኒ ጠበቃ መቆም ነው። በበዓላቸው ቀን የተያዙት የደብረ ሊባኖስ አባቶች የገሊላ ሰዎች ወንድሞች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም የምታስባቸው እንደ ሰማዕታት ነው።

ክፍል 6። መዳን ስለሚለው ቃል

ስሕተቱ የሚገባበት አንድ ሰፊ በር ከቃሉ ዘንድ ነው። በቋንቋችን ከሕመም የተነሣው ሰው ዳነ ይባላል፤ ከኃጢአት የተነሣውም ዳነ ይባላል። ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒት ይባላል፤ የዓለሙ ጌታም መድኃኔ ዓለም ይባላል። ቃሉ አንድ መሆኑ መልካም ነው፤ ሥጋንም ነፍስንም የፈጠረ አንድ ነውና። ነገር ግን ሁለቱን መዳን ያልለየ ሰው እንዲህ ብሎ ይስታል፦ በጸበል የተፈወሰው ኃጢአቱ ተሰርዮለታል፤ ያልተፈወሰው ግን አልተሰረየለትም፤ ስለዚህ አሁንም የደበቀው በደል አለ። ከዚህ የተነሣ ድውዩ ያልሠራውን እንዲናዘዝ ይጨነቃል፤ ከደዌው ላይ ተስፋ መቍረጥ ይጨመርበታል። በሥጋው ያልዳነ ሰው በነፍሱም እንዳልዳነ ተነግሮት ይሞታል። ከዚህ የሚከፋ ምን አለ?

ወንጌል ግን ሁለቱን ለይቶ ያሳያል። ዐሥር ለምጻሞች ወደ ጌታ በመጡ ጊዜ ዐሥሩም ነጹ፤ ተመልሶ ያመሰገነውን አንዱን ግን እምነቱ እንዳዳነው ነገረው (ሉቃ. 17፥12-19)። ዘጠኙ በሥጋ ተፈወሱ፥ አንዱ በነፍስም ዳነ። ስለዚህ ፈውስ ያለ ድኅነት ሊገኝ ይችላል። ድኅነትም ያለ ፈውስ ሊገኝ ይችላል። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋውን መውጊያ እንዲያርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ፥ መውጊያው ሳይነሣለት ጸጋ ተሰጠው (2ቆሮ. 12፥7-9)። ጥሮፊሞስን በሚሊጢን ታሞ ተወው (2ጢሞ. 4፥20)፤ ለጢሞቴዎስም ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው (1ጢሞ. 5፥23)። ልብሱ እንኳ ድውያንን ይፈውስ የነበረው ሐዋርያ ደቀ መዝሙሩን በደልህን ፈልግ አላለውም፤ መድኃኒት አዘዘለት እንጂ።

ጥያቄ። ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ ምሥጢረ ቀንዲል ሲያስተምር (5፥14-15) የድውዩን ኃጢአት አላነሣምን? ምላሽ። አንሥቷል፤ ነገር ግን በድሎ እንደ ሆነ ብሎ በጥርጥር ቃል አነሣው። ሁሉ በድሎ የታመመ ቢሆን ኖሮ ይህ ቃል ባላስፈለገ ነበር። ሐዋርያው ያኖረውን ጥርጥር ካህን ሊያነሣው አይገባም።

ክፍል 7። ለካህናትና ለሹማምንት የሚገባ ምክር

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ይህ ነው። ኑዛዜ ለጤነኛም ለድውይም ነው፤ ድውዩ ስለ ታመመ ብቻ ከጤነኛው ይልቅ በደለኛ ሆኖ አይመርመር። የንስሐ አባት ወደ ድውይ ቤት ሲገባ አስቀድሞ ይጸልይ፤ ድውዩ ወዶ ሲናዘዝ ይስማው፥ ባይወድ አያስገድደው። ጸበል የሚያጠምቅ አባትም ከሐኪም የታዘዘውን መድኃኒት ጣለው አይበል። በእርሱ ቃል መድኃኒቱን ጥሎ የሞተ ሰው ቢኖር፥ ደሙን እግዚአብሔር ከማን እጅ እንደሚፈልግ ያስብ። ሹማምንትም ድኻውን ከቍልል ሥር አንሥተው በሚገባ ስፍራ ያኑሩት፤ ዓይነ ስውሩን ያስተምሩት፤ የታሰረውን የአእምሮ ድውይ ከሰንሰለት ፈትተው ወደ ሕክምና ያድርሱት። የእግዚአብሔር ሥራ በድውዩ የሚገለጠው በዚህ ነውና። ተአምራት የማይሰጠው ሰው ምሕረት ማድረግ ይሰጠዋል።

በደል የለም፥ ንስሐም አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። ጌታችን በሉቃስ 13 ንስሐን ሁለት ጊዜ አጥብቆ አዟል፤ ያዘዘው ግን በሕይወት ቆመው የሰሚውን ወሬ የሚሰሙትን ነው። ወዲያውም ፍሬ ያጣችውን በለስ ምሳሌ አስከተለ። አትክልተኛው ሦስት ዓመት ፍሬ ያላፈራችውን በለስ ጌታው ቍረጣት ሲለው፥ ዙሪያዋን ቈፍሮ ፍግ እስኪያፈስባት ድረስ አንድ ዓመት ለመነላት። ለካህን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝለትም፤ ፍግ ይዞ መቈፈር የእርሱ ነው፥ ምሳር የባለቤቱ ነው።

ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ በኩል ወደ ከተማዪቱ የሚገባ ሰው በመንገዱ ዳር የተቀመጠ ድውይ ያገኛል። ይህ ድውይ ማን እንደ በደለ ሊመልስ አይችልም፤ ሊመልስም አይገባውም። ጥያቄው ለሚያልፈው ሰው ነው፤ ምን አደረግህ ተብሎ የሚጠየቅበት ቀን አለና (ማቴ. 25፥31-46)። በዚያ ቀን ጌታችን ታምሜ ጠየቃችሁኝ ብሎ የሚያመሰግነው፥ የድውዩን በደል መርምሮ ያገኘውን ሳይሆን ድውዩን የጠየቀውን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።